የቃኘው ዘማቾች ማስረጃ በሕይወት ሳሉ ይጣራልን

ለመከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኮሪያ ዘማቾችን የአገልግሎት ማኅደር ስለ ማጣራት

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን ተሻግሯል። በአፍንጮ በር የመታሰቢያ ሐውልት ስላለ እናመሰግናለን። የምንጠይቀው ግን ስለ እያንዳንዱ ሰው ማኅደር ነው፤ ዘማቹ ሲያርፍ ወታደራዊ የክብር ሽኝት የሚጠየቅለት በዚሁ ማስረጃ ነውና።

ቀብር በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይፈጸማል። ዕድሩ ጥሩምባ አስነፍቶ ድንኳን ሲተክል ቤተሰቡ የክብር ሽኝት ለመጠየቅ የቀረው ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ጭራሽ የለም። ማስረጃው በዚያች ሌሊት ሊጣራ አይችልም። አንድ ጊዜ ተጣርቶ፣ ማረጋገጫ ደብዳቤው ለዘማቹ በእጁ ቢሰጥና ግልባጩ ወረዳው ዘንድ ቢቀመጥ፣ ለዕድሩ ዳኛም በበዓል ቀን ጭምር የሚነሳ አንድ ስልክ ቁጥር ቢነገረው ሽኝቱ ይደርሳል።

ማጣራቱ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ዋናው የዘመን አቆጣጠር ነው። የፈረንጁ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ከእኛ በ7፣ ከዚያ ወዲህ በ8 ይበልጣል። በ1944 ዓ.ም. አጋማሽ የዘመተ የሁለተኛው ቃኘው ወታደር ኖቬምበር 1952 የሚል የሜዳሊያ ወረቀት ቢይዝ፣ ትክክሉ ኅዳር 1945 ነው። ጸሐፊው በልማድ 8 ከቀነሰ ኅዳር 1944 ይሆናል፤ ሰውዬው ሳይዘምት የተሸለመ ይመስልና ማስረጃው ይጠረጠራል። ስለዚህ በቅጹ ላይ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም «ኃይሉ»ን በሦስት ዓይነት ፊደል ሊያሰፍረው ስለሚችል ከስም ይልቅ የመለያ ቁጥሩ ይቅደም።

ሌላው የአገልግሎት መቋረጥ ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ከክብር ዘበኛ የተሰናበቱም፣ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወሩም ነበሩ። ኮሪያ የዘመተበት ወረቀት አንድ ቦታ፣ የኋለኛው አገልግሎቱ ሌላ ቦታ የሚገኝ ሰው አለ። ሁለቱ ካልተጋጠሙ የረጅም ዘመን ወታደር የጥቂት ዓመት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ይህ ያሳዝነናል።

ለቤተሰቦችም መመሪያ ይውጣ። ለአራት የታጠፈ የመሸኛ ወረቀት መጀመሪያ የሚበላው እጥፋቱ ላይ ነው፤ ስሙ ወይም ማኅተሙ የሚያርፈውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ላሚኔት አይደረግ፦ ሙቀቱ ያረጀውን ቀለም ሊያበላሽ ይችላል፣ ከተጣበቀም በኋላ ሳይቀደድ አይላቀቅም። ጀርባውም ጭምር ስካን ተደርጎ በንጹሕ ወረቀት መካከል ሳይታጠፍ ይቀመጥ፤ የጀርባ ማኅተም ያመለጠው ቅጂ ግማሽ ማስረጃ ነው።

መጀመሪያ የአልጋ ቁራኛ የሆኑት ይቅደሙ፤ መርማሪው ቤታቸው ድረስ ይሂድ። የሰበሰብናቸውን ቅጂዎች ለማመሳከሪያ ይዘን ለመቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የቃኘው ዘማቾችን ሰነድ የምናሰባስብ