ስለ ሻርሎት አንድ ነገር ልበልሽ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ድምፄ ከጠፋ መቆየቱን አውቃለሁ። አንቺም ግን አልደወልሽም፤ ስለዚህ ተካክሰናል። የቤቱን ወሬ በስልክ እናወራዋለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ካምፓስ እያለን እየተቀባበልን ያነበብነው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ትዝ ይልሻል? ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን ፊልም አየሁና መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። ስለ ዋናዎቹ ጥንዶች፣ ስለ ኤልዛቤትና ስለ ዳርሲ አላደክምሽም፤ እነሱን ዓለም ሲያወራቸው ይኖራል። የኔ ነገር የኤልዛቤት ጓደኛ ሻርሎት ናት፤ ያንን ለፍላፊ ቄስ፣ ኮሊንስን ያገባችው።

ፊልሙ ላይ ሻርሎት ኮሊንስን ልታገባ መሆኑን ልትነግራት ስትመጣ ኤልዛቤት ዥዋዥዌ ላይ ናት። 27 ዓመቴ ነው፣ ገንዘብ የለኝም፣ ለወላጆቼ ሸክም ሆኛለሁ፣ ፈርቻለሁ ትላታለች። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ። ኮሊንስን የሚጫወተው ቶም ሆላንደር ደግሞ አጠር ያለ፣ ወደ 40 የተጠጋ ሰውዬ ነው። በ1995ቱ የቢቢሲ ድራማ የተጫወተው ዴቪድ ባምበርም 40 ገደማ ነበር። ታዲያ ኮሊንስ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ጎልማሳ ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል መሰለሽ? ኮሊንስ ረጅም፣ ገዘፍ ያለ፣ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ጎረምሳ በይው! ሻርሎት በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ኤልዛቤትን ላግባሽ ብሏት እምቢ ካለችው በኋላ ወደ ሻርሎት ቤት ሲመጣ ከፎቅ መስኮት ታየዋለች። ወዲያው ትወጣና መንገድ ላይ «በአጋጣሚ» ትገናኘዋለች። ይቺ ናት እንግዲህ የፈራችው? ከተጋቡ በኋላም ሴቶቹ የሚውሉበትን ክፍል ከቤቱ ጀርባ አደረገችው። ሰፋ ያለና ደስ የሚል ሌላ ክፍል እያለ! የባሏ ክፍል መንገዱን ያያል፤ የነሱ እንደሱ ቢደምቅ ኖሮ አብሯቸው ተዘፍዝፎ ይውል ነበር። አትክልት ሲኮተኩት ደግሞ በርታ ትለዋለች፤ ለጤናው ነው አሉ።

ፊልሙ አሳዘነልን፣ ጥሩ። ግን ሒሳቧን ወሰደባት። ያቺ ሒሳብ ናት ከሌሎቹ የምትለያት፤ እኔ የመጽሐፏን ሻርሎት እመርጣለሁ።

በኤልዛቤት እህት በሜሪ ግን ፊልሙን እደግፋለሁ። ግብዣው ላይ አባቷ መዝፈን ሲያስቆሟት መጽሐፉ ላይ ስቀን እናልፋለን። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ስታለቅስ፣ አባቷም ሲያቅፏት ያሳየናል። ከዚያ ወዲህ መሳቅ ከበደኝ።

ለነገሩ ለኛም አዲስ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ካነበበው በኋላ ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ማሰብ የሚችል ማን አለ?

የ1995ቱን ድራማ አይተሽዋል አይደል? እዚያ ያለችው ሻርሎት እንዴት እንደታየችሽ ጻፊልኝ። ያኔ ካምፓስ «ሆዳም ናት» ብለሽ ስትከራከሪ አንድም ቀን አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያንቺው