ሽቦ ለተቀበረለት ቤት ምርጫው ከግድግዳው ይጀምር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ቤት ግንባታና ስለ ቤት ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትኩረት ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። መብራትን፣ መጋረጃን፣ የክፍል ሙቀትንና የደጅ ካሜራን ከአንድ ቦታ ሆነው ለማዘዝ የሚያስችሉ ሥርዓቶችን በተመለከተ የሚቀርቡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በስልክ ላይ በሚታየው መተግበሪያና በድምፅ ማዘዣው ላይ ነው። ገና ሲገነባ የመቆጣጠሪያ ገመድ አብሮ የተቀበረለትን ቤት ለተረከበ ሰው ግን ይህ የኋላውን ከፊት ያስቀደመ ምክር ይሆንበታል። በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ማናቸውንም የዕቃ ዝርዝር ከማየቱ በፊት ግድግዳው ውስጥ ያለውን በትክክል እንዲያውቅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ስለዚሁ ነው።

በአንዱ ቤት የተቀበረው ከየክፍሉ ተነሥቶ ወደ አንድ ማዕከላዊ ሣጥን የሚገባ የኔትወርክ ገመድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሁሉ እያገናኘ የሚያልፍ የመቆጣጠሪያ ገመድ ይገኛል። የሁለቱ ቤቶች ምርጫ አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ብሬከር ጠፍቶ የአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ይፈታና ከኋላው ያለው ይታይ። አረንጓዴ ልባስ ያለውና በውስጡ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ ቀጫጭን ሽቦዎችን የያዘ ገመድ ከተገኘ፣ ቤቱ የተዘጋጀው መብራትንና መሰል መሣሪያዎችን በገመድ ለማዘዝ ለሚያገለግለው ኬኤንኤክስ ለተባለው ሥርዓት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ቀዩና ጥቁሩ 30 ቮልት ገደማ የሆነውን ኃይልና የመሣሪያዎቹን መልእክት አንድ ላይ ይሸከማሉ፤ ቢጫውና ነጩ መጠባበቂያ ናቸው። ይህ ገመድ እንደ ልብ ሊከፋፈልና ሊበተን ይችላል፤ ዞሮ ራሱ ላይ መግጠም ግን አይፈቀድለትም። በአንድ የመስመር ክፍል ጠቅላላ ርዝመቱ ከ1,000 ሜትር፣ ከኃይል ሰጪው እስከ አንድ መሣሪያ ያለው የገመድ ርቀት ደግሞ ከ350 ሜትር ማለፍ የለበትም።

የኔትወርክ ገመድ ከሆነ የሚጣራው ሌላ ነው። የአንዱ መስመር ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። የውስጡ ሽቦም ሙሉ በሙሉ መዳብ መሆን አለበት፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ በገበያ ላይ ቢኖርም ደረጃውን አያሟላም፣ ለካሜራና ለመሰል መሣሪያዎች በዚያው ገመድ ኃይል ሲላክበትም ይበልጥ ይሞቃል። እያንዳንዱ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሣሪያ ተፈትሾ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ አንድ ዓይነት መለያ ይለጠፍበት። ግድግዳው ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ የተቆረጠ ገመድ መፈለግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ከመቆጣጠሪያው ገመድ ባልተናነሰ የመብራቱ መስመር ራሱ ይመርመር። የእያንዳንዱ መብራት መስመር ለብቻው ወደ ማከፋፈያ ሣጥኑ የሚመጣ ከሆነ፣ ማብሪያና ማደብዘዣ መሣሪያዎቹን ሁሉ በዚያው ሣጥን ውስጥ መደርደር ይቻላል፤ ጥገናውም በአንድ ቦታ ይሆናል። መስመሩ በተለመደው መንገድ ከማብሪያ ወደ መብራት የሚሄድ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ መሣሪያው በየማብሪያው ሣጥን ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ ኒውትራል፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ፣ መኖር አለመኖሩ ወሳኝ ይሆናል። ገመድ አልባ ማብሪያ ማጥፊያ መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ ለመቀበል ነቅቶ ስለሚቆይ የማያቋርጥ ኃይል ያስፈልገዋል። ያለ ኒውትራል እንዲሠሩ የተሠሩት ይህን ኃይል የሚያገኙት በመብራቱ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ስለሆነ፣ ትንሽ ኃይል የሚፈጁ የኤልኢዲ አምፖሎች ጠፍተው ሳለ ብልጭ ድርግም ሊሉ ይችላሉ። ባለቤቱ ዕቃውን ከገዛ በኋላ አምፖሉን እየቀያየረ ምክንያቱን ከሚፈልግ፣ ክዳኑን አስቀድሞ ቢያስፈታ ይሻለዋል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ምርጫው ይጠባል። የመቆጣጠሪያው ገመድ በየማብሪያው ካለ፣ በእኔ እምነት ኬኤንኤክስ ከሁሉ ይቀድማል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ የአውሮፓ ሥርዓት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል፤ ከአንዱ አምራች የተገዛ ማብሪያ ከሌላው አምራች መሣሪያ ጋር ይነጋገራል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ፕሮግራም ስለሚይዝም የአንዱ መበላሸት ቤቱን በሙሉ አያቆመውም። ዋጋው ከገመድ አልባዎቹ ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ሁለት ክፍል ብቻ ለመቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው ወጪው አያዋጣም። እንዲህ ላለው፣ ወይም ገመዱ ላልደረሰባቸው ክፍሎች፣ ዚግቢ ወይም ዚ-ዌቭ ከተባሉት ገመድ አልባ የሬዲዮ ሥርዓቶች አንዱ ይበቃል። የዚግቢ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ዋይፋይ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይጋጩ የሬዲዮ መስመራቸውን መለያየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ገደማ የወጣው ማተር የተባለ የጋራ መግባቢያ ደረጃ የተለያዩ አምራቾችን ዕቃዎች በማግባባት በኩል ትልቅ እርምጃ ነው፤ የተቀበረን ጥሩ ገመድ ትቶ ሁሉን በሬዲዮ ለማድረግ ግን ምክንያት አይሆንም።

አሁን በጋዜጣችሁ ሲነሣ ወዳላየሁት ጉዳይ ልለፍ። በአምራቹ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ሥርዓት ዕድሜው በአምራቹ ፈቃድ ይወሰናል። ሪቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላ ኩባንያ ከተገዛ በኋላ በ2016 አገልግሎቱ ሲዘጋ ፋይዳ ቢስ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንስቲዮን የተባለው ሌላ የቤት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ሰርቨሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው ተጠቃሚዎች ቤታቸውን ከስልካቸው ማዘዝ አቅቷቸው ነበር። ግድግዳ ውስጥ ያለ ገመድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ ከጫፉ ላይ የሚሰካው መሣሪያ በአንድ ድርጅት ውሳኔ ዋጋ ቢስ የሚሆንበትን ምርጫ መምረጥ ለባለቤቱ ከባድ በደል ነው። ስለዚህ ገዢው ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ባለሙያው ፊት የኢንተርኔቱን ገመድ ከራውተሩ ይንቀል፤ መብራቱ፣ መጋረጃውና ማሞቂያው ከግድግዳው ማብሪያ እንደ ወትሮው የማይታዘዙ ከሆነ ሥራውን አይረከብ።

ሌላው የፕሮጀክቱ ፋይል ነው። ኬኤንኤክስ የሚዋቀረው ኢቲኤስ በተባለ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የቤቱ አድራሻዎችና ትስስሮች ሁሉ የሚቀመጡት በዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከቀረ፣ ሰውየው ሥራ ሲለውጥ ወይም ሲጠፋ ቀጣዩ ባለሙያ ቤቱን ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ለማዋቀር ይገደዳል። የገመዶቹ ንድፍ፣ የመለያዎቹ ዝርዝር፣ የይለፍ ቃሎቹና ይህ ፋይል ርክክብ ሲደረግ ለባለቤቱ እንደሚሰጡ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ከቁልፉ ጋር አብረው ሊተላለፉ የሚገባቸው ናቸው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ ወደፊት በዚህ ርእስ ላይ ሲጽፍ ማብሪያዎቹን ከፍተው ገመዱን የሚያሳዩ የዝርጋታ ባለሙያዎችንም እንዲያነጋግር፣ የሚያስተዋውቃቸው ሥርዓቶችም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ያህል እንደሚሠሩ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ እንዲገልጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ የሆንኩ አንባቢያችሁ