እጅ መስጠት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ ከጀመርኩት ግን «እሺ እሺ፣ ልጆቹስ?» ብለው ወሬውን ያዞሩብኛል።

ባለፈው ስመጣ የሆነችውን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ሹራብዎን ሲለብሱ ቁልፎቹ እምቢ አሉዎት። ጣትዎ ቁልፉን ያገኝና ቀዳዳውን ይስታል፤ እንደገና ይሞክራሉ፣ እንደገና ይስታል። ላግዝዎት እጄን ስዘረጋ «ተው!» ብለው ገፉኝ። ሁለተኛው ላይም ገፉኝ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ምንም ሳይናገሩ ሁለት እጅዎን ወደ ጎን አወረዱና ደረትዎን ሰጡኝ። ዓይንዎ ግድግዳው ላይ ነበር። እኔም ቀና ብዬ አላየሁዎትም።

የዚያን ዕለት ማታ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ገለጥኩ። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ የሚለውን ያስታውሱታል፤ ጎልማሳ ሳለህ ራስህ ታጥቀህ ወደምትወደው ትሄድ ነበር፣ ስትሸመግል ግን እጆችህን ትዘረጋለህ፣ ሌላውም ያስታጥቅሃል፣ ወደማትወደውም ይወስድሃል። ወንጌላዊው ይህ ስለ ጴጥሮስ አሟሟት የተነገረ መሆኑን ወዲያው ይጽፋል። እኔ ግን ቁልፎቹን አየሁበት። ያ ሰይፍ መዞ የሰው ጆሮ የቆረጠ ሰው፣ መጨረሻው እጅ መዘርጋት ሆነ። ከዚያ «ተከተለኝ» ተባለ። እሱ ደግሞ ዞር ብሎ ዮሐንስን አየና «ይህስ እንዴት ይሆናል?» አለ! (የእኛን ቤት ሰው ይመስለኛል፤ ስለ ራሱ ሲነገረው ስለ ሌላው የሚጠይቅ።)

እኔም ለእግዚአብሔር ሙሉ በሙሉ ተሰጥቻለሁ ስል ብዙ ዓመቴ ነው። በጉባኤ መካከል ቆሜ፣ አልቅሼ ጭምር ተናግሬዋለሁ። ለእርስዎ ያልነገርኩዎት ግን አለ። አምና በጣም የጓጓሁለት ሥራ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ፈቃድህ ይሁን» እያልኩ እጸልይና ቀኑን ሙሉ ሰው ሳስለምን እውላለሁ። ሥራው ለሌላ ሲሰጥ አኮረፍኩ። ጸሎት አቆምኩ ማለት አይደለም፤ እንደ ተቀየመ ሰው ሰላምታ ብቻ ሆነ። በኋላ ሳስበው «ፈቃድህ ይሁን» ስለው የኖርኩት «ይችን ፈርምልኝ» ማለቴ ነበር። ወረቀቱን ጽፌ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎም ጸሎት ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ለሰው ሸክም ሳልሆን፣ አልጋ ላይ ሳይጥለኝ ይውሰደኝ» ይላሉ። ለምን እንደሚሉት ይገባኛል። ግን አባቴ፣ ነፍስዎን ለእሱ አደራ ሰጥተው ሲያበቁ እንዴት አድርጎ እንደሚወስዳት ደግሞ መመሪያ ያወጡለታል። እኔ በሥራው እንዳደረግኩት ማለት ነው።

መለመኑ ነውር ነው እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሰብኩ ሰዎች ያናድዱኛል። እጁን ለአባቱ ፈጽሞ የሰጠው ልጅ ራሱ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል። ማቴዎስ እንደጻፈው ሦስት ጊዜ ነው የጸለየው፣ ሦስተኛውም ያንኑ ቃል ነበር። ላቡም ወርዷል። መሰጠት ማለት ምንም አለመፈለግ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ባላስፈለገ። የፈለገውን በግልጽ ተናገረ፣ «ነገር ግን የአንተ ፈቃድ» አለ፣ ከዚያም ተነስቶ ሊይዙት ወደመጡት ሄደ። እኔ የመጀመሪያውን እችላለሁ፣ ሁለተኛውንም በአፌ እችላለሁ፤ ተነስቶ መሄዱ ነው የቀረኝ።

እጅ መስጠት ስንል ሁልጊዜ የተሸነፈ ወታደር ይታየኝ ነበር፤ መሣሪያውን ጥሎ እጁን ወደ ላይ ያነሳ። አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ልጅ እያለሁ መንገድ ስንሻገር «እጅህን ስጠኝ» ይሉኝ ነበር። እኔ እጄን እሰጥዎትና ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር የሚዞረው፣ መኪናውን የሚያዩት እርስዎ ነበሩ። ያኔ ተሸንፌ አልነበረም። ደግሞም አንድ ጊዜ ሰጥቼ አልቀረሁም፤ ማዶ ስንደርስ አስለቅቄ እሮጣለሁ፣ ቀጣዩ መንገድ ላይ እንደገና ይጠይቁኛል።

ያን ዕለት በሦስተኛው ቁልፍ ላይ ምን አስበው እንደለቀቁልኝ አላውቅም። ደክሞዎት ይሆናል። እኔ ግን በጉባኤ መካከል ካለቀስኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ ዝምታ አስተማረችኝ፣ ሳይነግሩኝም ለራሴ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ በጠዋት ስጸልይ «ፈቃድህ» ከማለቴ በፊት እጄን ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ። አንዳንድ ቀን ሳላውቀው ተጨብጦ አገኘዋለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሹራብዎን አብረን እንለብሳለን፤ የላይኛዋን ቁልፍ ግን ለእርስዎ እተዋታለሁ፣ ሰፊ ቀዳዳ ያላት እሷ ናት።

አክባሪ ልጅዎ