በሰው አካውንት ጌም መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ በሰው አካውንት የሚጫን ጌም መሸጥ አቁመናል። ብዙዎቻችሁ ሱቅ ድረስ መጥታችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቃችሁናል። «እንዴ! ጎረቤታችሁ በሩብ ዋጋ እየጫነ እናንተ ሲዲ ግዙ ትሉናላችሁ?» ያለንም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኮኒ ላይ ቆመን በሁለት ቃል የምንመልሰው ስላልሆነ ቁጭ ብለን ጻፍነው።

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ለሁለት ዓመት ያህል እኛም ስንጭን ነበር። አሠራሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ያለ ሰው በካርዱ ጌም ይገዛል። አካውንቱን እዚህ ላለ ነጋዴ ይሰጣል። ነጋዴው በእናንተ ማሽን ላይ አካውንቱን ከፍቶ ጌሙን ያወርድላችኋል። ከዚያ «በራሳችሁ ስም ተጫወቱ፣ ይቺን አካውንት ግን እንዳትነኳት» ብሎ ይሸኛችኋል። አንዱን ጌም ሁለት ሦስት ሰው ስለሚካፈለው ዋጋው ይረክሳል። እኛም ደንበኛችን ተጠቀመ ብለን ደስ ይለን ነበር።

የገና ዋዜማ ዕለት አንድ አባት ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለውን የጌም ማሽን) በፌስታል ይዘው መጡ። ልጃቸው ከጎናቸው ነው። ከአራት ወር በፊት እኛ ዘንድ ሦስት ጌም አስጭነው ነበር። ማሽኑን ስንከፍተው ሦስቱም ጌሞች ላይ የቁልፍ ምልክት ወጥቷል። አካውንቱን ወደሰጠን ሰው ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው። ፓስወርዱም ተቀይሯል። አባትየው አልተቆጡም። «ጌሙ እኮ እዚሁ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፣ ታዲያ ማን ቆለፈው?» ብለው ብቻ ጠየቁን። እኛ ግን አፈርን። በዚያው ቀን ሦስቱንም በሲዲ ተካንላቸው። ማታ መዝገቡን ስናገላብጥ በዚያው አካውንት የጫንንላቸው ሌሎች ደንበኞችም እንዳሉ አየን። ውሳኔው የተወሰነው ያን ማታ ነው።

የአባትየው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ዲጂታል ጌም ስትገዙ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ፋይሉ ነው፤ እሱ ማሽናችሁ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው፤ እሱ ደግሞ የገዛው አካውንት ላይ ይቀራል። ማሽኑ ጌሙን ከመክፈቱ በፊት ፈቃዱን ያያል። የአካውንቱ ባለቤት ካለበት አገር ሆኖ ሁሉንም ማሽኖች ከአካውንቱ ማስወጣት ይችላል። ያኔ የእናንተ ማሽን ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ እንደተነሳ ያውቃል። 80 ጊጋባይቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። የሚከፍተው ቁልፍ ግን የለም።

ይህ የእኛ አገር ነጋዴ ያመጣው ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በራሱ አካውንት በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰውም የያዘው ፈቃድ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ መስከረም 2024 ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ አጽድቃለች። ሕጉ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት የሚሰጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። እኛም ሱቅ ውስጥ «ጌም ሸጥንላችሁ» ስንል የኖርነው ይህንኑ ሳንነግራችሁ ነው።

ለእኛ ሰፈር ልጆች ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ደግሞ ውሰዱ። የእግር ኳስ ጌሙ ኤፍሲ 24 በ2023 ሊወጣ ሲል በፊፋ ስም የወጡት የቀድሞዎቹ ጌሞች ከዲጂታል መሸጫዎቹ ተነሱ። ቀድሞ የገዛ ሰው መልሶ ማውረድ ይችላል። አዲስ ገዢ ግን ዛሬ ፊፋ 23ን ከፕሌይስቴሽን መሸጫ መግዛት አይችልም። በሲዲ ከሆነ ግን እኛ ዘንድ አለ፣ መርካቶም አለ፣ የጓደኛችሁ መሳቢያ ውስጥም ይኖራል። ሲዲውን ማንም ከመደርደሪያ አያነሳውም።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንምጣ። ሶኒ የፕሌይስቴሽን መሸጫውን ከፈተላቸው ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው አካውንት ሲከፍት አሜሪካ ወይም ዱባይ ወይም እንግሊዝ ያለ አስመስሎ ነው። የከፈተበት አገር ደግሞ ኋላ ጣጣ ያመጣል። የአሜሪካ ጊፍት ካርድ (አካውንት ላይ ገንዘብ የሚሞላ የኮድ ካርድ) የሚሠራው የአሜሪካ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ዱባይ ያለች እህታችሁ የላከችላችሁ ካርድ በአሜሪካ አካውንት አይገባም። ሲዲው ይሻላል፤ የፒኤስ 4 እና የፒኤስ 5 ሲዲ ከየትም ይምጣ ማሽናችሁ ላይ ይጫወታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሲዲው ላይ ተጨማሪ ነገር በገንዘብ የምትገዙ ከሆነ ሲዲው የተዘጋጀለት የዓለም ክልልና የአካውንታችሁ ክልል መግጠም አለበት። ለዚህ ነው ሲዲ ስትገዙ «አካውንትህ የየት ነው?» ብለን የምንጠይቃችሁ።

ኢንተርኔቱስ? ስሌቱን አብረን እንሥራው። ዛሬ ትልልቅ ጌሞች 100 ጊጋባይት ይደርሳሉ፣ የሚያልፉም አሉ። የቤታችሁ ዋይፋይ 10 ሜጋ (በሰከንድ 10 ሜጋቢት) ከሆነና ሌላ ማንም ካልነካው፣ 100 ጊጋባይት ለማውረድ 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 4 ሜጋ ከሆነ ከሁለት ቀን በላይ ነው። ያውም መብራት ካልጠፋ። መብራት ሲጠፋ ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ይህ ጥሩ ነው። ማሽኑ እየጻፈ ሳለ ድንገት መጥፋቱ ግን ሃርድ ዲስኩን ሊጎዳ ይችላል። በየሳምንቱ ለጥገና የሚመጡልንን ማሽኖች ስለምናይ ነው ይህን የምንለው። ዲጂታል ለምትጠቀሙ ሰዎች ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ስለ ገንዘቡም እናውራ። ትልልቅ አዳዲስ የፒኤስ 5 ጌሞች አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 70 ዶላር ናቸው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ያ 70 ዶላር ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆነ። ብዙ ሰው ወደ ሰው አካውንት የሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንረዳለን። ግን ሲዲውን ስትገዙ ብሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጨርሳችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ትንሽ ጨምራችሁ ሌላ ትወስዳላችሁ። ወይ ለአጎታችሁ ልጅ ታውሱታላችሁ፣ እሱ ደግሞ የራሱን ያውሳችኋል። በእኛ ሱቅ አንዱ ሲዲ እጅ በእጅ እየዞረ ስንት ቤት እንደሚገባ ስናይ እንገረማለን። ሽፋኑ ላይ የተጻፉትን የቀድሞ ባለቤቶች ስም እያነበብን የት የት እንደዞረ እናውቃለን። ዲጂታል ጌም ይህ የለውም። የተጫወታችሁትን ጨርሳችሁ ለማንም መሸጥ አትችሉም።

ሲዲም ግን እንከን የለሽ አይደለም፤ ይህን ሳንነግራችሁ ብንሸጥ ያው የበፊቱ ጥፋት ነው። ከፒኤስ 4 ጀምሮ ጌሙ የሚጫወተው ሃርድ ዲስኩ ላይ ከተጫነ በኋላ ነው። ሲዲው ጫኝም ቁልፍም ነው። አንዳንዱ ሲዲ ደግሞ ውስጡ ባዶ ማለት ይቻላል። በ2022 የወጣው የኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር 2 ሲዲ ላይ የነበረው 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ነበር። ኒንቴንዶ ስዊች 2 ለሚባለው የጌም ማሽን የሚሸጡ አንዳንድ ካርዶችም ጌሙ በውስጣቸው የለም። ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ናቸው። ዩቢሶፍት ያወጣው ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ውድድር ደግሞ ሰርቨሩ በፈረንጆቹ መጋቢት 31 ቀን 2024 ተዘጋ። ያን ቀን ሲዲ የያዘውም ዲጂታል የገዛውም እኩል ከጨዋታ ወጡ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ሲዲ ላይ ትንሽ ወረቀት እንለጥፋለን። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይስ አይሠራም፣ ስንት ጊጋባይት ማውረድ ይጠይቃል፣ የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ታነባላችሁ።

አደራ የምንላችሁ ዋናው ነገር ማሽን ስትገዙ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ ስታዝዙ ነው። «ፒኤስ 5 ላክልኝ» ብቻ አትበሉ። የሲዲ ማጫወቻ የሌለው አለ። እሱ ረከስ ስለሚል ዘመድ ሳያውቅ ያንን ይገዛል። ሻንጣው ተከፍቶ ልጁ ሲዲውን የሚያስገባበት ቀዳዳ ሲያጣ ፊቱ ላይ የሚታየውን ሐዘን ሱቃችን ውስጥ ደጋግመን አይተነዋል። በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጭኑ ፒኤስ 5 እና የ2024ቱ ፒኤስ 5 ፕሮ ማጫወቻውን ለብቻ ገዝቶ ማስገጠም ይቻላል። የማጫወቻው ዋጋ አሜሪካ ሲወጣ 80 ዶላር ነበር። ሲገጠም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2020 የወጣው የመጀመሪያው ያለ ማጫወቻ ፒኤስ 5 ግን ምንም ማስገጠሚያ የለውም። የማይክሮሶፍት ማሽን የሆነው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እንደዚያው ነው። ሳጥኑን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፤ ለእኛ አሳዩን፤ እንነግራችኋለን። ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም።

ዲጂታል ጨርሶ አትንኩ ማለታችን አይደለም። እንደ እግር ኳስ ጌሙ ኢፉትቦል ያሉ ነፃ ጌሞች የሚገኙት በማውረድ ነው። ትንንሽና ጥሩ ጥሩ ጌሞች ሲዲ ጭራሽ የማይወጣላቸው አሉ። ቅናሽ ሲኖርም ዲጂታሉ አንዳንዴ በጣም ይወርዳል። ጥሩ ኢንተርኔት ያለው፣ ውጭ አገር የሚታመን ዘመድ ያለው ሰው ቢጠቀም እሰየው። አካውንቱ ግን የራሳችሁ ይሁን። በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱት። ፓስወርዱን ለእኛም ቢሆን አትስጡን። ጊፍት ካርድ መሸጣችንን እንቀጥላለን። ኮዱን የምታስገቡት ግን እናንተው ናችሁ፤ እኛ ከጎን ቆመን እናሳያችኋለን።

ሲዲ ለምትገዙም አንድ ምክር። ሲዲው ሲጫጫር በኮልጌት አትሹት። ድሮ የፒኤስ 2 ሲዲ በዚህ ይድን ነበር ይባላል። የአሁኑ ብሉሬይ (የፒኤስ 4 እና የፒኤስ 5 ሲዲ ዓይነት) ግን መረጃው የተጻፈው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው። ላዩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ቀላል ጭረት አይጎዳውም። ሽፋኑን ስታሹት ግን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት፣ በሳጥኑ ውስጥ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ይበቃዋል።

በመጨረሻ፣ እኛ ዘንድ በሰው አካውንት ጌም ያስጫናችሁ ሁሉ ኑ። ጌሙ አሁን እየሠራላችሁም ቢሆን ኑ። ማሽናችሁ ሲዲ የሚቀበል ከሆነ ጌሙን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሲዲ እንቀይርላችኋለን። ያ ጌም በሲዲ ካልተገኘ በዋጋው ልክ ሌላ ትመርጣላችሁ። ማሽናችሁ ሲዲ የማይቀበል ከሆነ የከፈላችሁትን እንመልሳለን። ደረሰኝ የጠፋባችሁ አትጨነቁ፤ ስማችሁና ስልካችሁ መዝገባችን ላይ አለ። ሰዉ እንዳይጨናነቅ ጠዋት ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፣ ማሽኑንም ከነገመዱ ይዛችሁ ኑ። የሰውየውን አካውንት ከማሽኑ አውጥተን፣ ሲዲውን ጭነን፣ እዚሁ ተጫውታችሁ አይታችሁ ትሄዳላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች