«የዳነ ቁስል አትነካኩ» ለሚሉን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ የአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ሰለባዎች ልጆች የሚሠሩትን ቴአትር «የዳነ ቁስል መነካካት» ብለውታል። ሐዘን በቤት ይያዝ፣ መድረኩም ለባለሙያ ይተው ባይ ናቸው። በሁለቱም አልስማማም።

ለመሆኑ ቁስሉ መቼ ዳነ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976 ሥልጣን የያዘው ጁንታ እስከ 1983 ማብቂያ ድረስ ሰው ሲያፍን ኖረ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የተሰወሩትን 30,000 ያደርሷቸዋል። ለብዙዎቹ ቤተሰቦች አስከሬንም መቃብርም የለም፤ ተዝካር እንኳ የሚወጣበት ቀን አይታወቅም። በእስር ቤት የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ለአፋኞቹና ለወዳጆቻቸው እየተሰጡ በሐሰት ስም አደጉ። «የማዮ አደባባይ አያቶች» በሚል ስም የተደራጁት የተሰወሩት ሰዎች እናቶች ከ1977 ጀምሮ እነዚህን የልጅ ልጆቻቸውን ይፈልጋሉ። 500 ያህል ናቸው ብለው ይገምታሉ፤ እስካሁን የተገኙት ግን 140 ገደማ ብቻ ናቸው።

በ2000 ከአያቶቹ ጋር የተጀመረው «ቴአትር ለማንነት» የተባለ የቴአትር እንቅስቃሴ ተመልካቹን «አንተስ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህ የድራማ ማጣፈጫ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ «አባዬ» እያለ ያደገው የእናቱን አፋኝ ሊሆን ይችላል። ቴአትሩን አይተው ጥርጣሬ የገባቸው ወጣቶች የአያቶቹን በር አንኳኩተዋል።

ባለሙያን በተመለከተ፣ አርጀንቲናዊቷ የቴአትር ደራሲና አዘጋጅ ሎላ አሪያስ በ2009 በቦነስ አይረስ ያዘጋጀችውን «ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ» የተባለ ሥራ ልጥቀስ። ስድስት ልጆች የወላጆቻቸውን ወጣትነት መድረክ ላይ መልሰው ይሠሩታል፤ አብዛኞቹም በሙያቸው ተዋንያን ናቸው። ከላይ ልብስ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ አንዷ ከክምሩ ውስጥ ወጥታ የእናቷን ጂንስ ለብሳ ትቆማለች። አባቱ የተሰወረበት ሌላው ደግሞ ትንሽ ልጁን ይዞ በቴፕ የተቀረጸ የአባቱን ድምፅ ያሰማል። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ መድረክ ይገናኛሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ድምፅ ብቻ ነው። ማንም አያለቅስም፤ ማንንም ለማስለቀስ አይሞክሩም። የያዙት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ልብስና ቴፕ ነው፤ እሱን ያሳያሉ፣ የማያውቁትን ደግሞ አናውቅም ይላሉ። እኔ ይህን የማየው እንደ ማስረጃ ነው።

ስድስቱም የተጎጂ ልጆች አይደሉም፤ የአንዷ አባት የደኅንነት ፖሊስ ነበር። ወንድሟ ሆኖ አብሯት ያደገው ልጅ ከተሰወሩ ወላጆች የተወሰደ ሕፃን እንደነበረ ታወቀ። አባቷ ሲከሰስ ልትመሰክርበት ፈለገች፤ የአገሪቱ ሕግ ግን ልጅ በወላጁ ላይ እንዲመሰክር አይፈቅድም። በመድረክ በሕዝብ ፊት የምትናገረው ቃል ግን ችሎት ላይ መከራከሪያ ሆኖ ቀረበላት። ተፈቀደላትና መሰከረች፤ አባቷም ተፈረደበት።

ጸሐፊው «ያለፈ ነገር» ካሉት ውስጥ አንዱ ይህ ነው። መድረኩ ባይኖር ኖሮ ያቺ ሴት አፏን ይዛ ትቀር ይሆናል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግማችሁ ስትጽፉ ከሐያሲ አስተያየት በፊት የልጆቹን የራሳቸውን ቃል ተርጉማችሁ አቅርቡልን። አንባቢ እሱን ካነበበ በኋላ ይፍረድ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴአትር ወዳጅ አንባቢያችሁ