ስለ ዓይንህ ሰማሁ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሱሉልታን ብርድም ለመድነው። ለዝምታዬ ሰበብ አልደረድርም፤ አንተም አልደወልክም፣ ተቻችለናል።

እህትህን ታክሲ ተራ አግኝቻት ዓይንህን በሌዘር ልትታከም እንደሆነ ነገረችኝ። «ያቃጥለኛል ብሎ ፈርቷል» አለችኝ። የፊዚክስ መምህር ጓደኛ እያለህ!

አያቃጥልህም። ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ፊት የሚሸፍነውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ለመቅረጽ የሚውለው ኤክሳይመር የሚባለው ሌዘር ነው። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 193 ናኖሜትር፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ኮርኒያው ላይ ላዩን ተውጦ ይቀራል፤ ሞለኪውሎቹ የተያያዙበትን ይበጥሳል፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አንድ ምት የሚያነሳው የማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሩብ ገደማ ነው። ኮርኒያህ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ሂሳቡን ራስህ ሥራው።

አጀማመሩ ደግሞ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው ኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ከምስጋና ቀን በዓል ማዕድ የተረፈ የተርኪ ሥጋ አምጥተው በዚሁ ጨረር ቆረጡት። ዙሪያው ሳያር ጥርት ብሎ ተቆረጠ። በ1983 የዓይን ሐኪሙ ትሮክል ከአይቢኤሙ ስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ በኮርኒያ ላይም እንደሚሠራ አሳየ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጨረሩ የሚወለድበት ጋዝ ነው። አርጎን ከማንም ጋር አይዋሃድም፣ ታውቀዋለህ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ጋዙ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ጋዝ፣ ይሆንና አርጎን ለጥቂት ናኖሰከንድ ከፍሎሪን ጋር ይጣመራል። ብርሃኑን እንደሰጠ ወዲያው ይፋታሉ። ስለዚህ ብርሃኑን ከሰጠ በኋላ ተጣምሮ ቀርቶ መልሶ የሚውጠው የለም። ለሌዘር ከዚህ የተመቸ ነገር የት ይገኛል?

ችግሩ ጋዙ እስከ ጥቂት አትሞስፌር ድረስ የታመቀ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩ በእኩል ተሰራጭቶ የሚቆየው በአስሮች ለሚቆጠሩ ናኖሰከንዶች ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በክረምት እንጦጦ ላይ እንደምናየው መብረቅ በአንድ መስመር ይሰበሰባል፤ ሌዘሩም አለቀለት። ስለዚህ መጀመሪያ በትንንሽ ብልጭታ ጋዙ ውስጥ ኤሌክትሮን ይዘራል። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር በአስር ሺህዎች የሚቆጠር ቮልት በአንዴ ያራግፋል። ሰው ሁሉ ጨረሩን ያደንቃል፣ እኔ ካፓሲተሩን። በነገራችን ላይ፣ የስልክህ ቺፕም ሲሠራ ይኼው 193 ናኖሜትር ጨረር ሳያልፍበት አልቀረም።

አንተ መጨነቅ ያለብህ በሌላ ነገር ነው። ሐኪሙን የኮርኒያህ ውፍረት ይበቃል ወይ በለው። ኬራቶኮነስ፣ ማለትም ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት በሽታ፣ እንደሌለብህ ይመርምርህ። ዓይንህ ይደርቅ እንደነበርም ንገረው፤ ድሮ ላብራቶሪ ውስጥ ስታሸው ትዝ ይለኛል።

ቀኑ ሲቆረጥ ደውልልኝ። ከሕክምናው በኋላ ብቻህን አትሄድም፣ እኔ እወስድሃለሁ። እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ