እማዬ «ደህና ነኝ» ስትልሽ

ይድረስ ለውድ እህቴ፦

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የእማዬ የሆድ ቀዶ ሕክምና ቀኑ መቆረጡን ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እናንተው ጋ ነው። አጠገቧ መቀመጥ አልቻልኩምና፣ አስታማሚዋም አንቺ ነሽና፣ የማስታመም ሙያዬን በወረቀት ላስረክብሽ። ሳትቸኩዪ አንብቢው፤ ለእሷም አንብቢላት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ የሕመሙን ነገር ነው። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ነርሷ መጥታ «ያምሻል?» ብትላት «ደህና ነኝ ልጄ» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ሕመሙን ዋጥ ካደረገ በደንብ አይተነፍስም። ቁስሉ እንዳይነካበት ከላይ ከላይ ብቻ ይስባል፤ የሳንባው ታችኛው ክፍል አየር ሳያገኝ ይቀራል፤ አክታ ይጠራቀማል፤ በዚያው ሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። ስላመመው አይነሣም፤ ካልተነሣ ደግሞ የእግሩ ደም ሊረጋ ይችላል፣ አንጀቱም ሥራ ለመጀመር ይዘገያል። ማስታገሻ የሚሰጣት እንድትተነፍስና እንድትራመድ ጭምር መሆኑን አስረጂያት።

ነርሷ ሕመሟን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንድትናገር ትጠይቃታለች። 0 ምንም የለም ማለት ነው፤ 10 ከዚያ በላይ ሕመም ሊታሰብ የማይችል። ችግሩ፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ሲጠየቅ ትንሽ ቁጥር ይናገራል። ስለዚህ እንድታስል አድርጊና፣ ወደ ጎንም ገልበጥ አድርጊያትና ጠይቂያት። ተኝታ 2 ሆኖ ስታስል 8 ከሆነ የሚቆጠረው 8ቱ ነው፤ ለነርሷም ሁለቱንም ንገሪ። ቁጥሩ ካልተመቻት «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ትበል። ዝም ካለችም ፊቷን እዪ፤ ቅንድቧ ከተቋጠረ፣ አንሶላውን ጨምድዳ ከያዘች፣ ስትተነፍስ ሆዷ ካልተነሣ፣ አሟታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስታገሻው በሰዓቱ መወሰድ አለበት። ሕመሙ ከገነፈለ በኋላ ለማብረድ የበለጠ መድኃኒት ይፈልጋል። የሚዋጠው እስኪሠራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ ልትራመድ ከሆነ ያንን አስልተሽ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ራሷ ቁልፍ እየተጫነች ማስታገሻ የምትወስድበት ማሽን ከተገጠመላት፣ ያንን ቁልፍ ከእሷ በቀር ማንም አይንካ። አንቺም ብትሆኚ፣ አዝነሽላትም ቢሆን! ማሽኑ ደኅና የሆነው የደነዘዘ ሰው ቁልፍ ስለማይጫን ነው። ተኝታ ሳለ ሌላ ሰው ቢጫንላት መጠኑ በዝቶ ትንፋሿን ሊያዘገየው ይችላል። ደረቷን እያየሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ከ10 በታች ከወረደ ወይም ስትቀሰቅሻት በቀላሉ ካልነቃች ደወሉን ተጫኚና ተጣሪ።

ሌሊት እየቀሰቀሱ ግፊቷን ሲለኩ ትነጫነጭ ይሆናል። መጀመሪያ በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሲረጋጋ በየ4 ሰዓቱ ይለካሉ። ውስጥ ለውስጥ ደም ቢፈስ ግፊት እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምት ነው። ፊት ይገረጣል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየው ምክንያቱ ሳይገባው ይቁነጠነጣል። ይህንን ከማንም ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ። መድኃኒት በተሰጣት ቁጥር ስሟንና የልደት ቀኗን ቢጠይቋት ደግሞ ረስተዋት አይደለም፤ የሌላ ሰው መድኃኒት እንዳይሰጣት ነው። ሳትሰለች ትመልስ።

ትንፋሹን እንዲህ አለማምጂያት። ነቅታ ሳለች በየሰዓቱ 10 ጊዜ በአፍንጫዋ በጥልቀት ትሳብ፣ ጥቂት ሴኮንድ ትያዝ፣ ቀስ ብላ ታውጣ። ኳስ ያለው መለማመጃ ከሰጧት መሳብ እንጂ መንፋት አይደለም፤ ብዙ ሰው እየነፋበት ኳሱ አልነሣ ይለዋል። ልታስል ስትል ትራስ ቁስሉ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጫን ትበል። ስፌቴ ይተረተራል ብላ ትፈራለች፤ ትራሱ ሕመሙንም ፍርሃቱንም ይቀንስላታል።

ቀዶ ሐኪሙ ካልከለከለ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያስነሷታል። የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ ነርስ አትሞክሩ። በጀርባዋ እንደተኛች ቀጥ ብላ አትነሣ፤ የሆድ ጡንቻዋን ይጎትታል። ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ትዙር፣ እግሮቿን ከአልጋው ታውርድ፣ በክርኗ ተደግፋ ትቀመጥ። አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቆይ፤ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ወደ ታች ታንቀሳቅስ። ካዞራት ወይም ከገረጣች መልሳችሁ አስተኟት፣ በኋላ ይሞከራል። የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ይዛ እንዳትነሣ፤ ጎማ ስላለው ይሸሻታል። ብብቷን ይዞ የሚጎትት ዘመድም ይቅርባት። ሆዷ ላይ የሚወጓት ቀጭን መርፌ ደም እንዳይረጋ ነው፤ ቦታውን አትሺው፣ ይበልዛል።

ሽንቷን በትኩረት ተከታተይ፤ ብዙ አስታማሚ የሚዘነጋው ይህንን ነው። በቱቦ እየወጣ ከሆነ 60 ኪሎ የምትመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መሽናት አለባት። በተከታታይ 2 ሰዓት ከዚያ ካነሰ ለነርሷ ንገሪያት፤ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተኝታበት እንደሆነም እዪ። ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ሁልጊዜ ከፊኛዋ ዝቅ ይበል፣ ወለል ግን አይንካ። ቱቦው ከወጣ በኋላ 6 ሰዓት አልፎ ካልሸናች፣ ወይም ከእምብርቷ በታች ከተነፋ፣ አትጠብቂ። ጠብ ጠብ እያለ መምጣቱም አያጽናናሽ፤ ፊኛ ሞልቶ ሲፈስም እንዲሁ ነው።

ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ከተተወላት፣ ጫፉ ላይ ያለው ኳስ መሰል መያዣ የሚሠራው ተጨምቆ ሲዘጋ ነው። ተነፍቶ ክብ ከሆነ መሳብ አቁሟል፤ ንገሪያቸውና ባዶ አድርገው፣ ለክተው፣ ጨምቀው ይዘጉታል። ፈሳሹ በመጀመሪያ ቀይ ነው፤ እየቆየ ሮዝ፣ ከዚያ ገለባ የመሰለ ቢጫ ይሆናል። ወደ ቢጫ የሄደው ተመልሶ ደማቅ ቀይ ከሆነ ወይም አረንጓዴ ከመሰለ ወዲያው አሳውቂ። የቁስሉን መሸፈኛ፣ ነርሷ ካልፈታችው፣ ገልጠሽ አትዪ፤ ብዙ ጊዜ ለ48 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ደም ከመጠጠ ነርሷ የእድፉን ዳር በእስክሪብቶ ታከብበትና ሰዓቱን ትጽፍበታለች። ከመስመሩ አልፎ ከሄደ ጥሪያት። የቁስል ምርቀዛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላም ጭምር ነው፤ ምልክቶቹ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ማተኮስ፣ መግል፣ ሽታ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ናቸው።

በዕድሜዋ ያለ ሰው ማታ ማታ ሊቀባዥር ይችላል፤ ያለችበትን ልትስት፣ የግሉኮሱን መርፌ ልትነቅል ትችላለች። አትደንግጪ፣ አትከራከሪያትም። መነጽሯን አድርጊላት፣ ቀኑን ንገሪያት፣ ቀን መጋረጃውን ክፈቺ። ነገር ግን «እርጅና ነው» ብለሽ እንዳታልፊው፤ ከሥሩ ሕመም፣ የተቋጠረ ሽንት፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም ምርቀዛ ሊኖር ስለሚችል በዚያው ሌሊት ለነርሷ ይነገር።

ስለ ነርሶቹም አንድ ነገር። ደወል ተደውሎ የሚዘገዩት ብዙ ጊዜ የባሰበት ሕመምተኛ ይዟቸው ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ግን ይህን ስለማያይ የተናቀ ይመስለዋል፣ እውነትም ያማል። «ኧረ ነርስ!» ከማለት «ስታስል ሕመሟ 8 ነው፣ ማስታገሻ የወሰደችው ከ5 ሰዓት በፊት ነው» ብትዪ ነርሷ ምን ይዛ መምጣት እንዳለባት ታውቃለች። ተረኞቹ የሚቀያየሩበትን ሰዓት ጠይቂና ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ የሚያስፈልጋትን አስጨርሺ፤ በርክክቡ መሃል ማስታገሻ ማግኘት ይከብዳል። ደብተር ያዢ፤ የወሰደችውን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ የሐኪሙንም ቃል ጻፊበት።

ማታ ስደውል «እንዴት ዋለች?» አልልሽም። ስታስል ሕመሟ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሸናች፣ ስንት ጊዜ ከአልጋ እንደወረደች ከደብተርሽ ታነቢልኛለሽ። ከዚያ ስልኩን ለእሷ ስጪልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ